ስታርተር ያጣ የቤዝቦል ቡድን፦ ችግሩና መፍትሄው

የቤዝቦል የዕረፍት ጊዜ ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ አጋማሽ ድረስ ይቆያል። ሜዳው ጭር ይላል፣ ቢሮው ግን ይጋጋላል። በየዓመቱ አብዛኛው ቡድን ቁጭ ብሎ የሚመክርበት ጉዳይ ደግሞ አንድ ነው፤ ስታርተር ከየት እናምጣ?

ስታርተር የሚባለው ጨዋታውን የሚጀምረው ፒቸር፣ ማለትም ለመቺው ኳስ የሚወረውረው ሰው ነው። አንድ ቡድን በመደበኛው ውድድር 162 ጨዋታ አለበት። ክንድ በየቀኑ ስለማይችል አብዛኛውን ጊዜ አምስት ሰዎች በተራ ይጀምራሉ። ጨዋታው ዘጠኝ ኢኒንግ የሚባሉ ክፍሎች አሉት፤ ስታርተሩ ስድስት ኢኒንግ ከዘለቀ ቡድኑ ሰላም ይውላል። በሦስተኛው ከወጣ ግን ቀሪውን የሚሸከሙት ከቡልፔን፣ ማለትም ከተጠባባቂ ፒቸሮች ማረፊያ፣ ተቀይረው የሚገቡት ናቸው። እነሱ ዛሬ ከደከሙ ነገም ከነገ ወዲያም ችግር አለ።

ምሳሌዬ በአብዛኛው ባልቲሞር ኦሪዮልስ ነው። ሜሪላንድና ዋሽንግተን አካባቢ ላለ ሐበሻ፣ ከዋሽንግተን ናሽናልስ ጋር የሰፈር ቡድን ነው። ደግሞም በቅርብ ዓመታት ይህ ችግር በሁሉም መልኩ የደረሰበት ቡድን ነው። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ብዙ ቡድን በዚህ ጊዜ የሚሳሳተው ገንዘብ ስላጣ አይደለም። የተበላሸው ምን እንደሆነ ሳይለይ ገበያ ስለሚወጣ ነው።

ምልክት፦ ኢአርኤው አስቀያሚ ነው፣ አወራወሩ ግን ደህና ነው

ኢአርኤ ፒቸሩ በየ9 ኢኒንጉ ስንት ነጥብ እንደሚቆጠርበት ይነግረናል። በመከላከል ስህተት የገባ ነጥብ አይታሰብበትም። 3 አካባቢ ከሆነ ግሩም ነው። 4 መካከለኛ ነው። ከ5 ሲያልፍ ሰው ማጉረምረም ይጀምራል።

እዚህ ላይ ቶሎ አትፍረዱ። ሦስት ቁጥሮችን ለብቻ አውጥታችሁ እዩ፦ ስትራይክአውት (መቺውን በሦስት ስትራይክ ማስወጣት)፣ ዎክ (በአራት የሳቱ ኳሶች መቺውን በነፃ ማሳለፍ) እና ሆምረን (ከአጥር በላይ የሚወጣ ምት)። ሦስቱ ደህና ሆነው ኢአርኤው ብቻ ከከፋ፣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የፒቸሩ አይደለም። ከኋላው የቆሙት ተከላካዮች ኳስ አይደርሱበትም ማለት ነው። ወይም ዕድል ፊቷን አዙራበታለች። ኤፍአይፒ የሚባለው መለኪያ የተሰራው ለዚሁ ነው፤ ተከላካይ የማይነካቸውን ነገሮች ብቻ ቆጥሮ ፒቸሩን ይመዝነዋል።

መፍትሄው ፒቸር መቀየር ሳይሆን ሾርትስቶፑን (በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል የሚቆመውን ተከላካይ) እና የሜዳ ተከላካዮቹን ማጠናከር ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ችግሩ ራሱ ሜዳው ነው። የኦሪዮልስ ካምደን ያርድስ በግራ በኩል ሆምረን የሚበዛበት ስታዲየም ነበር። ከ2022 ውድድር በፊት የግራውን አጥር ወደ ኋላ ገፉት፣ ቁመቱንም ወደ 13 ጫማ አሳደጉት። ፒቸሮቹ እፎይ አሉ፣ የራሳቸው መቺዎች ግን ተጎዱ። በመጨረሻም ከ2025 በፊት የተወሰነውን ክፍል መልሰው አስጠጉት። አጥር ማንቀሳቀስ ሁለቱንም ወገን ይነካል።

ምልክት፦ ሁለት ዙር ይነግሣል፣ በሦስተኛው ይፈርሳል

ዘጠኙም መቺዎች አንዴ ከተፈራረቁ አንድ ዙር ሞላ። ፒቸሩ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች ግሩም ሆኖ በሦስተኛው የሚደበደብ ከሆነ፣ አንደኛው መንስኤ ድካም ነው። ሌላው፣ ብዙ ሰው የማያየው፣ የአወራወር ዓይነት ማነስ ነው። ፈጣን ኳስና አንድ ተጣማሚ ኳስ ብቻ ያለውን ፒቸር መቺው በሦስተኛው ዙር በደንብ አውቆታል።

መፍትሄው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው በዕረፍቱ ወራት አዲስ አወራወር ማስተማር ነው። ዛሬ ቡድኖች የኳሱን ሽክርክሪት በካሜራ እየለኩ፣ ጣት የት ላይ ቢያርፍ ኳሱ ወዴት እንደሚታጠፍ ያሳያሉ። ስለዚህ ይህ ከበፊቱ ቀሏል። ሁለተኛው ሰውየውን ወደ ቡልፔን ማዞር ነው። እዚያ አንድ ዙር እንኳ ሳይሞላ ስለሚወጣ ሁለት አወራወር ይበቃዋል።

በተቃራኒውም ይሰራል፤ እንዲያውም የገበያው ትልቁ ሀብት እዚህ ያለ ይመስለኛል። ቡልፔን ውስጥ አራትና አምስት ዓይነት አወራወር ይዞ የተቀመጠ ፒቸር ካለ፣ እሱ ያልተነካ ስታርተር ነው። ሬይናልዶ ሎፔዝ 2023ን ሙሉ በቡልፔን አሳለፈ። አትላንታ ብሬቭስ በ3 ዓመት 30 ሚሊዮን ዶላር አስፈርሞ ስታርተር አደረገው። በ2024 ኢአርኤው 1.99 ሆነ። ጋሬት ክሮሼም በዚያው ዓመት በቺካጎ ዋይት ሶክስ እንዲሁ ተቀየረ። ዓመቱ ሳያልቅ ቦስተን ሬድ ሶክስ አራት ተስፋ የተጣለባቸው ወጣቶችን ሰጥቶ ወሰደው፤ ብዙም ሳይቆይ የ6 ዓመት 170 ሚሊዮን ዶላር ኮንትራት አስፈረመው።

ምልክት፦ በማርች አምስት ነበሩ፣ በጁን ሁለት ቀሩ

ይህ ዋናው በሽታ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

መንስኤው ክርን ነው። በክርን ውስጥ ያለች አንዲት ጅማት በፈጣን አወራወር ብዛት ትበጠሳለች። ሐኪሙ ከሌላ የሰውነት ክፍል ጅማት ወስዶ ይተካል። ይህን ቀዶ ጥገና መጀመሪያ ያደረገው ዶክተር ፍራንክ ጆብ ነው፣ በ1974፣ ቶሚ ጆን ለሚባል የዶጀርስ ፒቸር። ስሙም በዚያው ቀረ። ቶሚ ጆን ያደረገ ፒቸር ለመመለስ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 ወር ይፈልጋል። ስለዚህ የአንድ ሰው ጉዳት ሁለት የውድድር ዓመት ሊበላ ይችላል።

ኦሪዮልስን እንይ። በ2024 ካይል ብራዲሽ፣ ጆን ሚንስ እና ታይለር ዌልስ፣ ሦስቱም በአንድ ዓመት ውስጥ የክርን ቀዶ ጥገና አደረጉ። በዚያ ላይ ዋናው ፒቸር ኮርቢን በርንስ ኮንትራቱ አልቆ ሄደ። በዕረፍቱ ክፍተቱን የሞሉት ግን በአጭር ኮንትራትና በትልልቅ ሰዎች ነበር። የ41 ዓመቱ ቻርሊ ሞርተን በ15 ሚሊዮን ዶላር መጣ። ከጃፓን የ35 ዓመቱ ቶሞዩኪ ሱጋኖ በ13 ሚሊዮን ፈረመ። ማርች ላይ ደግሞ የ37 ዓመቱ ካይል ጊብሰን ተጨመረ። ትልቅ ተስፋ የተጣለበት ወጣቱ ግሬሰን ሮድሪጌዝ ጉዳት ላይ ሆኖ በ2025 ውድድር አንድም ጨዋታ ሳይጫወት ቀረ።

ውጤቱ ከባድ ነበር። ሞርተን እስከ ሜይ ማገባደጃ አንድም ጨዋታ አላሸነፈም። ጊብሰን አራት ጨዋታ ጀምሮ ኢአርኤው 16.78 ሲሆን ተሰናበተ። አሰልጣኙ ብራንደን ሃይድ ሜይ ላይ ከሥራ ተነሳ። ዓመቱ በ75 ድልና በ87 ሽንፈት አለቀ። ሱጋኖን ግን ልለየው፤ 30 ጨዋታ ጀምሮ 157 ኢኒንግ ወርውሯል። ለተሰጠው ሥራ ይህ በቂ ነው።

ብዙ ሰው ጥፋቱን በሽማግሌዎቹ ላይ ይጥላል። እኔ በዚያ አልስማማም። አንድ ልምድ ያለው ሰው ማምጣት ጤነኛ ሐሳብ ነው። ስህተቱ አንድ ዓይነት አደጋ ያላቸውን ሰዎች በአንድ ረድፍ መደርደሩ ነው። ከፊት የሚመራ ሰው ሳይኖር ከኋላ የሚሞሉ ብቻ ተሰበሰቡ።

ታዲያ ምን ይደረግ? አምስት ሳይሆን ስምንት ወይም ዘጠኝ ስታርተር ቁጠሩ። ቢያንስ ሦስቱ «ኦፕሽን» የቀራቸው ይሁኑ፤ ማለትም ቡድኑ ሳያጣቸው ወደ ታችኛው ሊግ ልኮ መልሶ ሊጠራቸው የሚችል። ከጉዳት የሚመለስን ሰው ደግሞ ከአምስቱ ውስጥ አትቁጠሩት፤ ሲመጣ ትርፍ ይሁን።

የራሳችሁንም ጓዳ ፈትሹ። ትሬቨር ሮጀርስ በ2024 አጋማሽ ከማያሚ ሲመጣ ሳይሆንለት ቀርቶ ወደ ታችኛው ሊግ ወርዶ ነበር። ብዙ ደጋፊ ተስፋ ቆርጦበታል። በዚያ በተበላሸው 2025 ግን 18 ጨዋታ ጀምሮ ኢአርኤው 1.81 ሆነ። የዓመቱ ምርጥ ፒቸራቸው ያለፈውን ዓመት የጨረሰው ኖርፎክ፣ በታችኛው ሊግ ነበር።

ምልክት፦ 162ቱን ይዘልቃል፣ በኦክቶበሩ የዋንጫ ውድድር ላይ ግን የሚያስፈራ ፒቸር የለውም

መንስኤው ግልጽ ነው፤ ቁጥር አንድ የለም። ለዚህ ያለው ወይ ገንዘብ ነው ወይ ልውውጥ።

በእግር ኳስ እንደለመድነው ክለብ ለክለብ ሚሊዮኖች ከፍሎ ተጫዋች መግዛት እዚህ የለም። ሰው በሰው ይለወጣል። ኦሪዮልስ በፌብሩዋሪ 2024 በርንስን ከሚልዋኪ ያመጡት ሁለት ወጣቶችና አንድ የድራፍት ዕጣ (አዲስ ወጣት የመምረጥ ተራ) ሰጥተው ነው። የቀረው የኮንትራት ጊዜ ግን አንድ ዓመት ብቻ ነበር። ሰውየው 15 ጨዋታ አሸነፈ፣ ኢአርኤው 2.92 ሆነ፣ ከዚያ በ6 ዓመት 210 ሚሊዮን ዶላር አሪዞና ሄደ። አሪዞናም 11 ጨዋታ ብቻ ካስጀመረው በኋላ ክርኑ ተበላሽቶ ቶሚ ጆን አደረገ።

ረጅም ኮንትራት ምን እንደሚያደርግ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከዩ ስትሪት በአረንጓዴው የሜትሮ መስመር ተሳፍሮ ኔቪ ያርድ የወረደ ሰው የናሽናልስን ስታዲየም እዚያው ያገኘዋል። ይህ ቡድን ሦስት ትልልቅ የፒቸር ኮንትራቶች ፈርሟል። ማክስ ሸርዘር በ2015 መግቢያ ላይ በ7 ዓመት 210 ሚሊዮን ፈረመ፤ ሁለት ጊዜ የሳይ ያንግን፣ ማለትም የዓመቱ ምርጥ ፒቸር ሽልማትን አመጣ፣ በ2019ም ዋንጫ ተነሳ። ፓትሪክ ኮርቢን በ6 ዓመት 140 ሚሊዮን መጣ፤ ለ2019ኙ ዋንጫ ትልቅ ድርሻ ነበረው፣ ከ2021 እስከ 2024 ግን ኢአርኤው በየዓመቱ ከ5 በላይ ነበር። ስቲቨን ስትራስበርግ ከዋንጫው በኋላ በ7 ዓመት 245 ሚሊዮን ፈርሞ ስምንት ጨዋታ ብቻ ጀመረ። ጉዳት አላስነሳው አለ። ኮንትራቱ ዋስትና ስላለው ክፍያው አይቆምም።

ስለዚህ እኔ ቡድን ብመራ፣ ለቁጥር አንድ ፒቸር ልውውጡን አስቀድማለሁ። ግን ለአንድ ዓመት ሰው አይደለም። ተጫዋች ፍሪ ኤጀንት፣ ማለትም ከፈለገው ቡድን ጋር ለመፈረም ነፃ፣ ለመሆን በዋናው ሊግ ስድስት ዓመት ማገልገል አለበት። ሁለትና ሦስት ዓመት የቀረውን ፈልጉ። ውድ ነው፣ ያማል፤ ለሮጀርስ ከተሰጡት ሁለት ወጣቶች አንዱ ካይል ስታወርስ በማያሚ ኦልስታር (ለሊጉ ምርጦች ጨዋታ የተመረጠ) ሆኗል። ቢሆንም ጊዜ ትገዛላችሁ።

ምልክት፦ ገንዘብ የለም

ካንሳስ ሲቲ ሮያልስ በ2023 106 ጨዋታ ተሸነፈ። ትንሽ ከተማ፣ ትንሽ በጀት። በዚያ ዓመት ጁን ላይ፣ ኮንትራቱ ሊያልቅ የነበረውን አሮልዲስ ቻፕማንን ለቴክሳስ ሰጥተው ኮል ሬገንስን ወሰዱ። ሬገንስ ሁለት ጊዜ ቶሚ ጆን ያደረገ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው ግራኝ ነበር። ዲሴምበር ላይ ደግሞ ሴት ሉጎን በ3 ዓመት 45 ሚሊዮን፣ ማይክል ዋካን በ2 ዓመት 32 ሚሊዮን አስፈረሙ። ሉጎ ለዓመታት በኒውዮርክ ሜትስ ቡልፔን የቆየ፣ አወራወሩ ግን የማያልቅ ሰው ነው።

በ2024 ሉጎ ከ200 ኢኒንግ በላይ ወርውሮ በሳይ ያንግ ምርጫ ሁለተኛ ወጣ። ቡድኑ 86 ጨዋታ አሸንፎ ኦክቶበር ገባ። የመጀመሪያ ተጋጣሚው ማን ነበር? ባልቲሞር ኦሪዮልስ፣ በካምደን ያርድስ።

ያን ቀን በርንስ 8 ኢኒንግ ወርውሮ አንድ ነጥብ ብቻ ነው የተቆጠረበት። በሌላው ወገን ሬገንስ በስድስት ኢኒንግ አንድም ነጥብ አልተቆጠረበትም። በስድስተኛው ኢኒንግ ቦቢ ዊት ጁኒየር መትቶ አንዷን ነጥብ አስገባ። 1 ለ 0 አለቀ። በማግስቱ በሉጎ ጀማሪነት 2 ለ 1 ደገሙት። ባልቲሞር በሁለት ጨዋታ አንድ ነጥብ አስቆጥሮ ወጣ። ያንን ያየ ሰው የኦሪዮልስ በሽታ ፒቸር ብቻ ነው ሊል አይችልም፤ መቺዎቹም ዝም ብለው ነበር።

የሮያልስ መንገድ ለሌላውም ይሰራል። ኮንትራቱ የሚያልቅ የቡልፔን ፒቸር ስጥ፣ ያልታወቀ ስታርተር ውሰድ። ከዋናዎቹ ቀጥሎ ካለው ረድፍ ሁለት ሰው አስፈርም።

ምልክት፦ ማርች ደርሷል፣ አሁንም ጎዶሎ ነው

ዘግይቶ የሚፈርም ፒቸር የፌብሩዋሪውን ልምምድ ያጣል። ክንድ ደግሞ ቀስ በቀስ ነው የሚሟሟቀው። ብሌክ ስኔል የ2023ን ሳይ ያንግ ወስዶ ገበያ ላይ እስከ ማርች ቆየ፣ ከዚያ በ2 ዓመት 62 ሚሊዮን ከሳን ፍራንሲስኮ ጃያንትስ ጋር ፈረመ። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ጨዋታዎቹ ኢአርኤ 9.51 ነበር። ኦገስት ላይ ሲስተካከል አንድም ሂት (መቺውን ቤዝ ላይ የሚያደርስ ምት) ሳይሰጥ ሙሉ ጨዋታ ጨረሰ። የጊብሰንም ፊርማ የማርች ፊርማ ነበር።

እዚህ ከደረሳችሁ ያመጣችሁትን ሰው በመጀመሪያው ሳምንት አታስጀምሩት። ታችኛው ሊግ ላይ ሦስትና አራት ጨዋታ ይወርውር፣ የኳሱን ብዛት ከፍ እያደረጋችሁ ሂዱ። እስከዚያ ድረስ ታምፓ ቤይ ሬይስ በ2018 የጀመሩትን ተጠቀሙ። ሰርጂዮ ሮሞ የሚባለውን የቡልፔን ፒቸር ለአንድ ኢኒንግ ብቻ አስጀመሩ፣ ከዚያ ረጅም የሚወረውረውን አስገቡ። ለሁለት ሳምንት ያወጣል፣ ለዓመት ግን ቡልፔኑን ይጨርሰዋል።

በቀጣዩ የዕረፍት ወቅት ስኔል ማርችን አልጠበቀም። በኖቬምበር 2024፣ በ5 ዓመት 182 ሚሊዮን ዶላር፣ ከዶጀርስ ጋር ጨረሰ።