ቤት ከመከራየታችሁ በፊት ውሃው ወዴት እንደሚፈስ እዩ

ባሕር ዳር ተወልጄ በማደጌ ብስክሌት የተማርሁበትን ቀን አላስታውስም። እኛ ቤት ብስክሌት እንደ ጃንጥላ ነበር፤ ቀድሞ የተነሣ ይዞት ይወጣል። ከተማዋ ጣና ዳር የተዘረጋች ሜዳ ስለሆነች ሰው ቤት ሲከራይ ስለ ዳገት አይጠይቅም። ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ስመጣ ይህንኑ የዋህነቴን ከብስክሌቴ ጋር አውቶቡስ ላይ ጭኜ መጣሁ።

የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ መሥሪያ ቤቴ መስቀል አደባባይ አካባቢ ነው። በመጣሁ በሳምንቱ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አንድ ክፍል ተከራየሁ። ስልኬ ላይ ርቀቱን ስለካ ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ሆነ። እሑድ ዕለት ሞከርሁት፤ መንገዱ ጭር ብሎ ነበር፤ ደስ አለኝ። አከራዬ ብስክሌቷን በር ላይ አይተው «አንቺ ልጅ፣ ይህ ፈረስሽ የት ሊያድር ነው?» አሉኝ። «ከእኔ ጋር ነው እትዬ» አልኋቸውና ሳቅን።

ሰኞ ጠዋት ከፈረንሳይ እስከ ቀበና ድልድይ ድረስ ፔዳል ሳልነካ ወረድሁ። ነፋሱ ጆሮዬ ላይ ሲያፏጭ ከሠራተኛው ሁሉ ብልጥ የሆንሁ መሰለኝ። ከድልድዩ ወዲያ ወደ አራት ኪሎ የሚወስደው ዳገት ሲጀምር ግን ሦስት ጊዜ ቆሜ፣ አራተኛው ላይ ወርጄ እየገፋሁ ወጣሁ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ነው፤ አዲስ አበባ መሃሉ ከ2,300 በላይ ነው፤ ሳንባዬ ልዩነቱን ከእኔ ቀድሞ አወቀ። ማታ ደግሞ ያው ነገር ተገልብጦ ጠበቀኝ፤ እስከ አራት ኪሎ መውጣት፣ ወደ ቀበና መውረድ፣ ከዚያም እንደገና እስከ ቤቴ መውጣት። ሰባት ሳምንት ታገሥሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው በእነዚያ ሳምንታት የተማርሁትንና ሁለተኛውን ቤት ስፈልግ የሠራሁበትን ነው።

መጀመሪያ ርቀቱን ተዉትና ወንዞቹን ቁጠሩ። አዲስ አበባ በሰሜን ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው እንጦጦ ተነሥታ ወደ ደቡብ፣ ወደ አቃቂ እየወረደች የምትሄድ ከተማ ናት፤ በሁለቱ መካከል ወደ አንድ ሺህ ሜትር የሚጠጋ የከፍታ ልዩነት አለ። ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ባንቲኬቱ፣ ትንሹና ትልቁ አቃቂ ሁሉም ቁልቁለቱን ተከትለው ከሰሜን ወደ ደቡብ ይፈስሳሉ። እንግዲህ መንገዳችሁ ከሰሜን ወደ ደቡብ ከሆነ በአመዛኙ አንድ ተዳፋት ነው፤ ሲሄዱ ከወረዱ ሲመለሱ ይወጣሉ፣ ዕዳው የታወቀ ነው። መንገዳችሁ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ከሆነ ግን ወንዞቹን ታቋርጣላችሁ፤ እያንዳንዱ ድልድይ አንድ መውረድና አንድ መውጣት ነው፤ ጠዋትም ማታም። የስልኩ ካርታ ይህን ሁሉ ጠፍጣፋ ወረቀት አድርጎ ያሳያችኋል። ስለዚህ በቤቱና በመሥሪያ ቤቱ መካከል ስንት ድልድይ እንዳለ ቁጠሩ። እኔ ከአንድ በላይ ከሆነ ቤቱን ለማየትም አልሄድም።

ዳገቱን ብስክሌት ሳትይዙ የምታውቁባቸው ሦስት መንገዶች አሉኝ። አንደኛው ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ከሾፌሩ አጠገብ መቀመጥ ነው። ሾፌሩ ማርሽ እየቀነሰ ሞተሩ ማጓራት ሲጀምር ቦታውን ያዙ፤ ሞተሩ ያቃሰተበት ቦታ ሁሉ እናንተ የምታቃስቱበት ነው። ሁለተኛው የእጅ ጋሪ ነው። ዕቃ ጭነው ጋሪ የሚገፉ ወጣቶች አካባቢያቸውን ከማንም መሐንዲስ በላይ ያውቁታል፤ ጭነት ይዘው ዋናውን መንገድ ትተው ወደ አንድ የውስጥ መንገድ ከታጠፉ ተከተሏቸው፤ እዚያ በኩል ዳገቱ ይቀልላል። እኔ አሁን የምሄድበትን አቋራጭ ያገኘሁት ሲሚንቶ የጫነ ጋሪ ተከትዬ ነው። ሦስተኛው ዝናብ እንዳባራ ወጥቶ ቦዩን ማየት ነው። ውሃው እየተጋፋ የሚሮጥ ከሆነ ተዳፋቱ ከዓይን ግምት በላይ ነው። ጭራሽ ቆሞ ከሆነ ሜዳ ነው፤ ግን ጎማችሁ የሚያርፈው ኩሬ ውስጥ ነው ማለት ነው፤ ሌላ ጣጣ።

ቤቱ ከመሥሪያ ቤቱ ከፍ ይበል ወይስ ዝቅ? ብዙ ሰው «ጠዋት ጉልበት አለ፣ ጠዋት ውጣ፤ ማታ ደክሞሃልና ውረድ» ይላል። እኔ አልስማማም። ጠዋት የወጣ ሰው በላብ ርሶ ከደንበኛ ፊት ይቀመጣል፤ ማታ የወጣ ሰው ግን ላቡን ይዞ የሚገባው ወደ ራሱ ቤት፣ ወደ ራሱ ውሃ ነው። መሥሪያ ቤታችሁ መታጠቢያ ካለው ነገሩ ይለወጣል፤ የእኛ የለውም። እዚህ ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ በብዙ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ግቢው ውስጥ ሮቶ መኖሩን፣ ሲኖርም ለተከራይ ይቀዳ እንደሆነ ሳትጠይቁ «ቤቴ ገብቼ እታጠባለሁ» አትበሉ። ቁልቁለት የበዛበት መንገድ የፍሬን ጎማ እንደሚበላም ሒሳብ ውስጥ አስገቡ።

ወደ ሰፈሮቹ ልግባ፤ የምናገረው መስቀል አደባባይ አካባቢ ለሚሠራ ሰው ነው።

ሳሪስና ጎተራ ዳገታቸው ረጅም ቢሆንም ለስላሳ ነው፤ ጠዋት ቀስ እያለ ይወጣል እንጂ አያስወርድም። ችግሩ ከባድ መኪናው ነው። በቃሊቲ በኩል የሚገባውና የሚወጣው የጭነት መኪና በዚያው መስመር ስለሚያልፍ አቧራውና ጭሱ ለሳንባ ቀላል አይደለም። ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው ነገር የቀላል ባቡሩ ሐዲድ ነው። ከቃሊቲ የሚመጣው መስመር መንገዱን በአጥር ለሁለት ስለከፈለው እንደ ልብ አይሻገሩትም። ወደ ከተማ ስትነዱ በምሥራቅ በኩል፣ ስትመለሱ በምዕራብ በኩል ናችሁ። ስለዚህ ቤቱ በየትኛው ወገን እንደሆነና የቅርቡ መሻገሪያ የት እንዳለ ካላያችሁ፣ በራችሁን በዓይናችሁ እያያችሁ አልፋችሁት ሄዳችሁ ትመለሳላችሁ። አንድ ባልደረባዬ ይህን ያወቀው ዕቃውን ካስገባ በኋላ ነበር።

ቦሌ፣ ኢምፔሪያል፣ ገርጂ ሌላ ዓለም ነው። አውሮፕላን ማረፊያ ዳገት ላይ አይሠራም፤ አካባቢው ለምን ሜዳ እንደሆነ ለማወቅ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በተሠራው የኮሪደር ልማት ደግሞ ከአራት ኪሎ በመስቀል አደባባይ አድርጎ ወደ ቦሌ በሚወስደው መንገድ ላይ የብስክሌት መስመር ተዘርግቷል፤ ማታ መብራቱም ደኅና ነው። ለሴት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። (ሴት ልጅ ብስክሌት ስትነዳ ዞሮ የማያይ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ገና አላጋጠመኝም፤ በብርሃን ሲያዩኝ ይሻለኛል።) ኪራዩ ግን ይቆነጥጣል፤ እኔ የታክሲ ወጪዬን ቀንሼ ለኪራይ ጨመርሁ፤ ያም ሆኖ አልተካካሰም።

ከመገናኛ እስከ ሲኤምሲ ያለው መንገድም መስመር አለው፤ ብዙም አያንገላታም። ፈተናው መገናኛ ራሱ ነው፤ ከየአቅጣጫው የሚመጣው ሚኒባስ፣ አውቶቡስና እግረኛ እዚያ ይተላለቃል። አያት ደርሶ መመለስ በየቀኑ ለእኔ ጉልበት ይረዝማል። ጀሞና ለቡ ሜክሲኮ ወይም ሳር ቤት ለሚሠራ ይሆናሉ፤ መካኒሳ ላይ ግን ወንዝ መኖሩን አትርሱ። ሽሮ ሜዳ አየሩን ብቻ ነው የማመሰግነው፤ ስድስት ኪሎ የምትሠሩ ከሆነ ጠዋት ፔዳል ሳትነኩ ትደርሳላችሁ፤ ማታ ምን እንደምትሉ እናንተ ታውቃላችሁ።

የብስክሌት መስመር አለ ሲባል በደስታ አትነሡ። መስመሩ የሚቋረጥበትን ቦታ ሂዳችሁ እዩ፤ አደጋው ያለው እዚያ ነው። ብዙ ጊዜ መስቀለኛ መንገድ ላይ ወይም ወደ ሰፈር በሚታጠፈው በኩል ያልቅና ድንገት ከሚኒባሶች መካከል ትገኛላችሁ። የሚኒባስ ረዳት በሩን የሚከፍተው በቀኝ፣ እናንተ ባላችሁበት በኩል መሆኑን አስታውሱ። ታክሲ የሚቆምበትን ቦታ ሁሉ እኔ በአእምሮዬ ቀይ አድርጌዋለሁ።

ሙከራውን በሥራ ቀን አድርጉት፤ ጠዋት 1:30 ላይ ከቤቱ በር ተነሥታችሁ፣ ማታ 11:30 ላይ ከመሥሪያ ቤታችሁ ተመለሱ። ደላላ ቤት የሚያሳየው በቀን ስድስት ሰዓት ላይ ነው፤ ያን ጊዜ የማንም ሰፈር ጸጥ ያለ ነው። ሁለተኛውን ቤት ስፈልግ «ነገ ጠዋት 1:30 ልምጣ» ብለው ደላላው «እህቴ፣ ቤቱ በዚያ ሰዓት አይለወጥም እኮ» አለኝ። ቤቱስ አይለወጥም፤ መንገዱ እንጂ።

ዋናው መንገድ ካማራችሁ በኋላ ከአስፋልቱ እስከ በሩ ያለውን በእግራችሁ ሂዱት። ኮብልስቶኑ በደንብ የተነጠፈ ከሆነ መልካም፤ ድንጋዩ ከተነሣ የኋላ ጎማችሁ በየወሩ ጎሚስታ ቤት ነው። ጎሚስታው ራሱ ካላማዳሪያ የሚለጥፍ ይሁን የመኪና ጎማ ብቻ የሚሠራ ይሁን ጠይቁት። በማታ አንድ ጊዜ ውሾቹን እዩ። የሰፈር ውሻ እግረኛን ይለምዳል፤ የሚሽከረከር ነገር ሲያይ ግን ይነሣል። ስም እስኪያወጡላችሁ ድረስ ጥቂት ቀን ወርዳችሁ ብትገፉ ይለምዷችኋል።

ብስክሌቱ የት እንደሚያድርም ከኪራዩ በፊት ተነጋገሩ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ከሆነ ሊፍት የለምና በትከሻችሁ ነው፤ ደረጃ ሥር ቆልፎ መተው ደግሞ ልብ ይፈልጋል። ግቢ ውስጥ ከሆነ ከጣሪያ ሥር ጥግ ይሰጧችሁ እንደሆነ ጠይቁ። እኔ ይህን በውሉ ውስጥ አጽፌዋለሁ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። ለተከራይ ትልቅ ዋስትና ነው፤ ሁለት ዓመት የምቀመጥበት ቤት ከሆነ ደግሞ ሁለት ጠዋት መሞከር አይበዛበትም።

ክረምትን ሳትነኩ አትፈርሙ። ሐምሌና ነሐሴ ጠዋቱ ደኅና መስሎ ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይወርዳል። በዚያ ቀን ብስክሌቱን መሥሪያ ቤት አሳድራችሁ በታክሲ ወይም በባቡር የምትመለሱበት ሰፈር ካልሆነ፣ በዓመት ሁለት ወር ታለቅሳላችሁ። የመሥሪያ ቤታችሁን ጥበቃ ከወዲሁ ተዋወቁት።

እኔ በመጨረሻ ያረፍሁት ገርጂ ነው። መጀመሪያ የታየኝ ቤት በሁሉም ነገር ልክ ነበር፤ ሜዳ፣ ለአስፋልት ቅርብ፣ ሮቶ ያለው፣ ለብስክሌቴም ጥግ የተሰጠኝ። ወሩ ጥር ስለነበር መሬቱ ደረቅ ነው። ስወጣ የሰፈሩን ጥበቃ ሰላም አልሁና «አባባ፣ ባለፈው ነሐሴ ውሃው እስከ የት ደረሰ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ምንም አልመለሱልኝም፤ በዱላቸው የግቢውን ቆርቆሮ አጥር ነካ አደረጉት። ከጉልበቴ ከፍ ብሎ ዳር እስከ ዳር የተሰመረ የደረቀ ጭቃ ነበር። ከዚያ ቤት ሦስት አጥር ከፍ ብሎ ያለውን ተከራየሁ።