የቆዳ ፋብሪካ ማሽን ኦፕሬተር ሆኖ እንዴት ይሰራል?

ቆዳ ፋብሪካ አዲስ የገባ ወጣት ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው ቆዳውን በሚሽከረከር ስለት ፍቆ ውፍረቱን የሚያስተካክለው ሼቪንግ ማሽን ላይ ነው። እውነትም የኦፕሬተር ሙያ ጎልቶ የሚታየው እዚያ ነው። የኔ ምክር ግን ከድራም፣ ቆዳው ከውሃና ከኬሚካል ጋር ከሚዞርበት ትልቅ በርሜል፣ ጀምሩ ነው። ድራም ላይ ሰርቶ የማያውቅ ኦፕሬተር ቆዳው ምን ምን አልፎ እጁ እንደገባ አያውቅም። ሞጆም ሆነ ኮምቦልቻ ብትቀጠሩ ይህ አይለወጥም።

አለባበስ

ቀለበት፣ ሰዓት፣ የአንገት ሐብል አውልቁ። ፀጉራችሁን ጠቅልላችሁ ኮፍያ ውስጥ ክተቱ። የጎማ ቦት፣ የጎማ ሽርጥና መነጽር አይቀሬ ናቸው። ድራም ላይ እስከ ክርን የሚደርስ ጓንት ያስፈልጋል። የሚሽከረከር ስለት ያለበት ማሽን ላይ ግን ሰፊ ጓንት እጅን ይዞ ሊገባ ይችላል። ለየማሽኑ የተፈቀደውን ከፎርማኑ ጠይቁ።

ድራም ላይ

መጀመሪያ ሚዛን። የየኬሚካሉ መጠን በሰፈረበት የሥራ ካርድ ላይ የተጻፈው ሁሉ የሚሰላው ከቆዳው ክብደት ነው። 1000 ኪሎ ቆዳ ካለና ካርዱ 8 በመቶ ጨው ካለ፣ 80 ኪሎ ትጨምራላችሁ። ክብደቱ ከተሳሳተ ቀጥሎ ያለው ስሌት ሁሉ ይበላሻል።

ቀጥሎ ቅደም ተከተል። ቆዳውን ለክሮም፣ ለሚያለፋው ኬሚካል፣ ስታዘጋጁ ጨው ይቀድማል፣ አሲድ ይከተላል። ጨው ሳይገባ አሲድ ያገኘው ቆዳ ያብጣል፣ ይጎዳልም። አሲዱን አስቀድማችሁ አቅጥኑት። ሁልጊዜ አሲዱን ወደ ውሃው ጨምሩ። ውሃውን አሲድ ላይ ካፈሰሳችሁ ፈልቶ ፊታችሁ ላይ ይረጫል። የቀጠነው አሲድ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ድራሙ እየዞረ፣ ከፋፍላችሁ አስገቡ።

አሲዱ ውስጥ ድረስ መግባቱን በግምት አትወስኑ። ድራሙን አስቁማችሁ ከአንገት አካባቢ፣ ወፍራም ከሆነው ቦታ፣ ትንሽ ቁረጡ። የተቆረጠው ጎን ላይ ብሮሞክሬዞል ግሪን የተባለውን የአሲድ መለያ ቀለም ጠብ አድርጉበት። ሁሉም ቢጫ ከሆነ አሲዱ ዘልቋል። ዳርና ዳሩ ቢጫ ሆኖ መሃሉ ላይ ሰማያዊ መስመር ከቀረ ግን ድራሙ ይዙር፣ እናንተም ጠብቁ። ቸኩላችሁ ክሮም ከጨመራችሁ ክሮሙ ላይ ላዩን ይይዝና የቆዳው ፊት ይሻክራል። እኔ አንድን ጀማሪ የምመዝነው ያቺን ሰማያዊ መስመር አይቶ በመታገሱ ነው።

ስለ ጋዙ

ይህን ሁለት ጊዜ አንብቡት። ጠጉሩን ለማራገፍ ቆዳው በኖራና በሶዲየም ሰልፋይድ ውስጥ ይቆያል። በቆዳው ላይ የቀረው ሰልፋይድ ኋላ ላይ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የተባለ ጋዝ ይወጣል። ኖራው በአሞኒየም ጨው ሲወጣም ያው ነው። ጋዙ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። መጠኑ ሲበዛ ግን አፍንጫን ያደነዝዛል። ስለዚህ ሽታው ጠፋ ብላችሁ አትዘናጉ፤ አደገኛው ሰዓት ያ ሊሆን ይችላል። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ድራም ውስጥና የፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል።

የድራሙን በር ስትከፍቱ ጭንቅላታችሁን አታስገቡ። አየር ሳይለካና ኃላፊ ሳይፈቅድ ወደ ድራምም ሆነ ወደ ጉድጓድ አትግቡ። ጓደኛችሁ ውስጥ ከወደቀ ተከትላችሁ አትዝለሉ። ጩኹ፣ ሰው ጥሩ፣ የመተንፈሻ መሣሪያ ያለው ይግባ። በዚህ ጋዝ ለማዳን የገባው ራሱ የሚሞትበት ጊዜ ብዙ ነው። የኖራውና የአሲዱ ፍሳሽም አንድ ቦይ ውስጥ አይገናኙ።

ሼቪንግ ላይ

ከክሮም የወጣው ሰማያዊ ቆዳ፣ ዌት ብሉ የሚባለው፣ መጀመሪያ በሳሚንግ ማሽን ይጨመቃል። አጥፋችሁ ጭብጥ አድርጉት። ውሃ ጠብ ካለ ገና ነው፤ ስለቱ ላይ ይንሸራተታል። በጣም ከደረቀ ደግሞ ግለት ይጎዳዋል።

ከዚያ ትዕዛዙን እዩ። ለጓንት የሚሆን የበግ ሌጦ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ለጫማ ፊት የሚሆን የከብት ቆዳ 1.2 እስከ 1.4 ሚሊሜትር ይደርሳል። በአንድ ቆዳ ሞክሩና አንገቱን፣ ጀርባውንና ሆዱን በጌጅ ለኩ። በጥቂት በጥቂቱ ቀንሱ፤ አንዴ የሳሳ ቆዳ ተመልሶ አይወፍርም።

የሥጋው ፊት ወደ ስለቱ ይሁን። ግማሹን አስገቡ፣ ፔዳሉን ርገጡ፣ ሮለሩ ቆዳውን ሲመልሰው ዘርጋ እያደረጋችሁ ተቀበሉ። ከዚያ አዙራችሁ ሌላውን ግማሽ። የታጠፈ ቦታ ካለ ውፍረቱ እጥፍ ስለሚሆን ስለቱ ይበሳዋል። እጥፉን ለማስተካከል እጃችሁን ወደ ሲሊንደሩ አትስደዱ፤ ፔዳሉን ልቀቁና ማሽኑ ይከፈት።

ከፋሲካና ከእንቁጣጣሽ በኋላ የሚመጣው ቆዳ በአብዛኛው በየቤቱ የታረደ ስለሆነ የቢላ ብጣት ይበዛበታል። ብጣቱ ስለቱ ላይ ይያዝና ቆዳው ይተረተራል። ከማስገባታችሁ በፊት በመዳፋችሁ ዳስሱት። በበግና በፍየል ሌጦ ላይ ደግሞ እከክ የተወው ነጠብጣብ አለ። ሁለቱንም ካርዱ ላይ መዝግቡ። ከገበሬው ቤት ወይም ከአራጁ የመጣ ጉድለት በኦፕሬተር ሲላከክ ማየት ያናድደኛል።

ስለቱ ሲደነዝዝ የማሽኑ ድምፅ ይከብዳል፣ ቆዳው ላይም ሰረዝ ሰረዝ ይወጣል። ያን ጊዜ በማሽኑ የመሳያ ድንጋይ ሳሉት። ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ መሳል ይሻላል።

ፈረቃው ሲያልቅ

ኃይሉን ከዋናው ማብሪያ አጥፉና ቆልፉ። ሲሊንደሩ ከጠፋም በኋላ ለጥቂት ጊዜ ይዞራል፤ ሙሉ በሙሉ ሳይቆም ማጽዳት አትጀምሩ። የክሮም ፍቅፋቂውን ለብቻው በጆንያ ሰብስቡ። ከቆሻሻ ጋር አታቃጥሉት፤ ሲቃጠል መርዛማ ወደሆነው ክሮም 6 ሊለወጥ ይችላል። ለሚተካችሁ ሰው ደግሞ በምን ውፍረት እየሰራችሁ እንደነበርና ስለቱ መቼ እንደተሳለ ካርዱ ላይ ጻፉለት።