ስሙን ከማዞርዎ በፊት፦ አሜሪካ ውስጥ በውርስ ታክስ ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ሰው በሕይወት እያለ ስለ ውርስ ማውራት ሟርት ይመስለናል። ስለዚህ ዝም እንላለን። ሂሳቡ ግን ልጆች ላይ ይወድቃል።

የመጀመሪያው ስህተት የፌዴራሉን ታክስ ብቻ ማየት ነው። በ2026 አንድ ሰው እስከ 15 ሚሊዮን ዶላር ቢያወርስ ፌዴራል መንግሥቱ አይነካውም። ታክሱ ከዚያ በላይ ባለው ላይ ነው፣ እስከ 40 በመቶ። አብዛኞቻችንን አይመለከትም። ስቴቱ ግን የራሱ ሕግ አለው። ሜሪላንድ ከ5 ሚሊዮን፣ ሚኒሶታ ከ3 ሚሊዮን፣ ኦሪገን ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያስከፍላሉ። ቨርጂኒያና ቴክሳስ ምንም አይጠይቁም። ፖርትላንድ ውስጥ የቤቷን ዕዳ ከፍላ የጨረሰች፣ የጡረታ ቁጠባና በስሟ የሕይወት ኢንሹራንስ ያላት ነርስ አንድ ሚሊዮኑን ሳታስበው ልታልፍ ትችላለች። ኢንሹራንሱም ይደመራልና።

ሁለተኛው ያሳዝነኛል። ብዙዎቻችን የእህታችንን ወይም የወንድማችንን ልጅ እንደ ልጃችን አሳድገናል። ሜሪላንድ ዘንድ ግን የእህት ልጅ የእህት ልጅ ነው። ስቴቱ ከሟች ሀብት ከሚቆርጠው ሌላ ወራሹንም ያስከፍላል። ዛሬ ሁለቱንም የሚጥለው እሱ ብቻ ነው። የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ፣ የእንጀራ ልጅ፣ ወላጅ፣ ወንድምና እህት አይከፍሉም። የእህት ልጅ፣ የአክስት ልጅና ጓደኛ 10 በመቶ ይከፍላሉ። 200,000 ዶላር ከደረሰው 20,000ው ይሄዳል። የ5 ሚሊዮኑ ወለል እዚህ አይሠራም። በሕግ ጉዲፈቻ የተደረገ ልጅ ግን እንደ ልጅ ይቆጠራል። ስለዚህ ያሳደጋችሁት ልጅ ካለ ወረቀቱን በጊዜ ጨርሱ።

እናቶች ደግሞ ልጄ እንዳይቸገር ብለው ቤቱን በሕይወት ሳሉ በስሙ ያዞሩለታል። ከሁሉም ውድ የሚሆነው ይሄ ነው። በ1994 በ160,000 ዶላር የተገዛ ቤት ዛሬ 600,000 ያወጣል እንበል። በስጦታ ከዞረለት፣ ልጁ ሲሸጠው መግዣው ተብሎ የሚቆጠርለት የእናቱ 160,000 ነው። 440,000ው እንደ ትርፍ ታክስ ይታሰብበታል። ራሱ ኖሮበት ከሆነ የሚቀነስለት አለ፤ አከራይቶት ከሸጠው ግን የለም። ያንኑ ቤት በኑዛዜ ቢወርሰው መነሻው እናቱ ባረፉበት ቀን ያለው ዋጋ ነው። በ600,000 ቢሸጠው ትርፍ የለም፣ ታክስም የለም።

አሜሪካ ያለ ቤት አዲስ አበባ በሚኖሩ ወላጆች ስም የሚያደርጉም አሉ። ወላጆቹ የአሜሪካ ዜጋም ነዋሪም ካልሆኑ በፌዴራል ሕግ ከታክስ ነጻ የሚሆንላቸው 60,000 ዶላር ብቻ ነው።

የተገላቢጦሹም አለ። አዲስ አበባ ካረፉ ወላጆች በዓመት ከ100,000 ዶላር በላይ የወረሰ የአሜሪካ ነዋሪ ታክስ አይከፍልበትም። ቅጽ 3520 ሞልቶ ለፌዴራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት ለአይአርኤስ ማሳወቅ ግን ግዴታው ነው። ዝም ካለ ቅጣቱ ከወረሰው ላይ በየወሩ 5 በመቶ እየጨመረ እስከ 25 በመቶ ይደርሳል።