የሰብዓዊ ልማት መለኪያን እንዴት እናንብብ?

የአገራት ደረጃ ይፋ በሆነ ቁጥር አብዛኛው አንባቢ የሚፈልገው አገሩ ስንተኛ እንደሆነች ነው። ይሁንና ፓኪስታናዊው የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ማህቡብ ኡል ሐቅ ከሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ከአማርትያ ሴን ጋር መክሮ፣ በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በኩል በ1990 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ይህ መለኪያ የታሰበው የሰውን ኑሮ ከገቢ ባሻገር ለማየት ስለሆነ፣ ከደረጃው በፊት ጤናን፣ ትምህርትንና ገቢን ለየብቻ መመልከት ይገባል። ለዚህም በእጅ አስልቶ ከማየት የተሻለ መንገድ የለም።

አሁን የሚወለድ ሕፃን 67 ዓመት ይኖራል ተብሎ የሚጠበቅበትን አገር ለምሳሌ እንውሰድ። መለኪያው ለዕድሜ ያስቀመጠው ዝቅተኛው ወሰን 20፣ ከፍተኛው 85 ስለሆነ፣ ከ67 ላይ 20 ቀንሰው ቀሪውን ለ65 ሲያካፍሉ 0.723 ያገኛሉ።

ትምህርት ሁለት ቁጥሮች አሉት፤ ጥንቃቄ የሚሻውም እዚህ ላይ ነው። አንድ ልጅ ይማራል ተብሎ የሚጠበቀው 9 ዓመት ለከፍተኛው ወሰን ለ18 ሲካፈል 0.5፣ ዕድሜያቸው 25 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በአማካይ የተማሩት 3 ዓመት ለከፍተኛው ወሰን ለ15 ሲካፈል 0.2 ይሆናል፤ አማካያቸው 0.35 ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ልጆች ዛሬ ባለው የተማሪዎች ቅበላ መጠን ቢቀጥሉ የሚደርሱበትን የሚያሳይ ተስፋ ሲሆን፣ ሁለተኛው ወላጆቻቸው በእርግጥ ያገኙት ነው። በእኔ እምነት ከጠቅላላው ውጤት ይልቅ የአገርን ታሪክ በግልጽ የሚናገረው በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ነው።

የነፍስ ወከፍ ዓመታዊ ገቢ የሚለካው በመግዛት አቅም በተስተካከለ፣ ማለትም በአገራት መካከል ያለውን የዋጋ ልዩነት ባገናዘበ ዶላር ነው። ለድሃ የሚጨመር አንድ ሺህ ዶላር ለሀብታም ከሚጨመረው የበለጠ ኑሮን ስለሚለውጥ፣ ስሌቱ ከ100 እስከ 75,000 ዶላር ባለው ወሰን ውስጥ፣ ገቢ ባደገ ቁጥር የጭማሪውን ክብደት በሚቀንሰው በሎጋሪዝም ይሠራል፤ በዚህም መሠረት 2,700 ዶላር 0.498 ይሰጣል።

በመጨረሻ ሦስቱን አባዝተው የውጤቱን ኪዩብ ሩት (ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ ሲባዛ ያንን ውጤት የሚሰጠውን ቁጥር) ሲያወጡ 0.501 ይመጣል። ተደምረው ለሦስት ቢካፈሉ ኖሮ 0.524 ይሆን ነበር፤ ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሚሠራበት የማባዛት ስልት ግን የአንዱ ድክመት በሌላው ጥንካሬ እንዳይሸፈን ያደርጋል። ከ0.550 በታች ዝቅተኛ፣ ከ0.800 ጀምሮ ደግሞ እጅግ ከፍተኛ ተብሎ ይመደባል።

አገርን ከራሷ ያለፉ ዓመታት ጋር ሲያነጻጽሩ የተለያዩ ሪፖርቶችን ደረጃ ጎን ለጎን አያስቀምጡ፤ መረጃው በየጊዜው ስለሚከለስ በአንድ ሪፖርት ውስጥ ያለውን የዓመታት ሠንጠረዥ ይጠቀሙ። በከተማና በገጠር፣ በባለጸጋና በድሃ መካከል ያለው ልዩነት በአማካይ ውስጥ ስለሚሰወርም፣ የኢ-እኩልነት ማስተካከያ የተደረገበትን ውጤት አብረው ያንብቡ።