ከጃንጎ ኢሜይል ከነአባሪው ለመላክ

በፓይተን ድረ ገጽ መሥሪያው ጃንጎ ውስጥ «ሴንድ ሜይል» የምትባል ፈንክሽን አለች። ርዕስ፣ መልእክት፣ ላኪና ተቀባይ ትሰጧታላችሁ፣ በቃ ትልካለች። ኤችቲኤምኤልም ብትጨምሩላት አትጠላም። አታችመንት (አባሪ ፋይል) ግን አትቀበልም። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

እኔ የምሠራቸው ሲስተሞች አብዛኞቹ ክፍያ ሲፈጸም ደረሰኝ በፒዲኤፍ ይልካሉ። ስለዚህ ምሳሌያችን ደረሰኝ ይሁን።

ኮዱን ከመንካታችሁ በፊት የኢሜይሉን አወቃቀር እወቁ። ብዙ ሰው ይህን ዘሎ ኮድ ይገለብጣል፣ ከዚያ አንድ ነገር ሲበላሽ የት እንደሚፈልግ ይጠፋበታል። አባሪ ያለው ኢሜይል ፖስታ ውስጥ ያለ ፖስታ ነው። ትልቁ «ሚክስድ» ይባላል። በውስጡ አንድ ትንሽ ፖስታ አለ፤ አባሪዎቹ ከእሱ ጎን ይቀመጣሉ። ትንሹ ደግሞ «ኦልተርኔቲቭ» ነው። እሱ የሚይዘው አንዱኑ መልእክት በሁለት መልክ ነው፤ በተራ ጽሑፍና በኤችቲኤምኤል። በ1996 የወጣው፣ የኢሜይልን አወቃቀር የሚደነግገው የማይም ስታንዳርድ እንደሚለው ቀለል ያለው ይቀድማል፣ የተሻለው መጨረሻ ይመጣል። የተቀባዩ ፕሮግራም ማሳየት ከሚችላቸው የመጨረሻውን ይመርጣል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ያ ሁሉ የተለፋበት ዲዛይን ተደብቆ ተራው ጽሑፍ ሊታይ ይችላል።

ደግነቱ ጃንጎ ፖስታዎቹን ራሱ ያዘጋጃል። የምትፈልጉት ክላስ «ኢሜይል መልቲ ኦልተርኔቲቭስ» ይባላል። ስትፈጥሩት ቦዲ ብላችሁ የምትሰጡት ተራውን ጽሑፍ ነው። ኤችቲኤምኤሉን «አታች ኦልተርኔቲቭ» በሚለው ሜተድ ትጨምራላችሁ። ፒዲኤፉን በ«አታች» ታያይዛላችሁ። ከዚያ «ሴንድ»።

ተራውን ጽሑፍ ከኤችቲኤምኤሉ ላይ ታጎችን በመግፈፍ የሚያወጡ አሉ። «ስትሪፕ ታግስ» ለዚህ ትመቻለች፣ እኔ ግን አልወዳትም። ሊንኩ ያለው ታጉ ውስጥ ስለሆነ አብሮ ይጠፋል። ለአንባቢው የሚቀረው «እዚህ ይጫኑ» የሚል ጽሑፍ ብቻ ነው፤ የሚጫን ነገር ግን የለም። ሁለት ቴምፕሌት ጻፉ። የጽሑፉ አሥር መስመር ቢሆን ነው። ሁለቱንም ቴምፕሌትን ወደ ጽሑፍ በሚቀይረው «ሬንደር ቱ ስትሪንግ» አዘጋጇቸው። ርዕሱንም ከቴምፕሌት የምታወጡ ከሆነ መጨረሻው ላይ ያለውን አዲስ መስመር ቁረጡት፤ አለበለዚያ ጃንጎ ርዕስ ውስጥ መስመር መስበር አይቻልም ብሎ ስህተት ይወረውራል። ልክ ነው፤ በዚያ ቀዳዳ ሰዎች የራሳቸውን ተቀባይ ሊያስገቡ ይችላሉ።

አባሪው ላይ ትንሽ እንቆይ። «አታች» ሦስት ነገር ይቀበላል፦ የፋይሉን ስም፣ ይዘቱን፣ ዓይነቱን። ፋይሉ ዲስክ ላይ ካለ «አታች ፋይል» ብላችሁ መንገዱን ብቻ ስጡት፣ ዓይነቱን ከስሙ ይገምታል። ደረሰኝ ግን ብዙ ጊዜ እዚያው ሜሞሪ ላይ፣ «ባይትስ አይኦ» ውስጥ ነው የሚሠራው። ፒዲኤፉ ተጽፎ ሲያልቅ የንባቡን ቦታ የሚያሳየው ጠቋሚ መጨረሻ ላይ ይቆማል። በዚያ ሁኔታ «ሪድ» ካላችሁ የምታገኙት ባዶ ነው። ኢሜይሉ ያለ ምንም ስህተት ይሄዳል፣ ደንበኛው 0 ባይት የሆነ ደረሰኝ ይደርሰዋል። «ጌት ቫልዩ» ተጠቀሙ፤ ጠቋሚው የትም ቢሆን ሙሉውን ይሰጣችኋል።

መጠኑንም አስቡበት። አባሪ የሚጓዘው በቤዝ 64፣ ማለትም ወደ ተራ ፊደላት ተቀይሮ ስለሆነ 3 ባይት 4 ይሆናል። ጂሜይል ለመላክ የሚፈቅደው እስከ 25 ሜጋባይት ነው። ስለዚህ ዲስካችሁ ላይ 20 ሜጋባይት የሆነ ፋይል ሲጓዝ ወደ 27 ሜጋባይት ይጠጋል፤ ላያልፍ ይችላል። እኔ ከ5 ሜጋባይት በላይ ከሆነ አላያይዝም፣ ሊንክ እልካለሁ። የጃንጎ «ታይምስታምፕ ሳይነር» ጊዜው የሚያልፍ ሊንክ ለመሥራት ይበቃል።

ስለ ኤችቲኤምኤሉ ብዙ አልልም። በ2026 ለድረ ገጽ የምትጽፉትን ነገር እርሱት። የዊንዶውስ ክላሲክ አውትሉክ ከ2007 እትም ጀምሮ ገጹን የሚስለው በወርድ ሞተር ነው፤ ፍሌክስቦክስ የሚባለውን የሲኤስኤስ ማሰለፊያ አያውቅም። በቴብል አሰልፉ፣ ስታይሉን እዚያው ታጉ ላይ ጻፉ። ጂሜይል ከ102 ኪሎባይት ገደማ በላይ የሆነውን ይቆርጠዋል። ሎጎአችሁን በቤዝ 64 ኤችቲኤምኤሉ ውስጥ የምትለጥፉ፣ ተዉ። «ስታቲክ» እና «ዩአርኤል» የሚሉት የቴምፕሌት ታጎች ደግሞ እንደተለመደው የሚሰጡት ዶሜይን የሌለው መንገድ ነው። ኢሜይል ውስጥ ያ መንገድ የትም አያደርስም። ሙሉ አድራሻውን ከነኤችቲቲፒኤሱ አስገቡ።

ስትሞክሩ እውነተኛ ሰርቨር አያስፈልጋችሁም። ሴቲንግ ውስጥ የኢሜይል ባክኤንዱን «ኮንሶል» አድርጉት፤ መልእክቱ ተርሚናል ላይ ይታተማል። ያልኳችሁን ፖስታዎች በዓይናችሁ የምታዩትም እዚያ ነው። ወደ እውነተኛው ስትሄዱ ፖርት 587 ከሆነ «ዩዝ ቲኤልኤስ»፣ 465 ከሆነ «ዩዝ ኤስኤስኤል» ብላችሁ አብሩ። ሁለቱን አንድ ላይ ካበራችሁ ጃንጎ እምቢ ይላል። «ኢሜይል ታይምአውት» ላይም ቁጥር አስገቡ። ሲጀመር ባዶ ነው፤ ሰርቨሩ ዝም ካለ ፕሮግራማችሁም አብሮ ተገትሮ ይጠብቃል።

እሱም ቢሆን ተጠቃሚው ገጽ እየጠበቀ እያለ ኢሜይል አትላኩ። ሥራውን ለሴለሪ (ሥራን ከጀርባ ለሚያከናውን ፕሮግራም) ወይም ለመሰል ወረፋ ስጡት። ሲሰጥ ዳታቤዙ መመዝገቡን ሲጨርስ በሚሠራው «ኦን ኮሚት» ውስጥ ይሁን። ካልሆነ ዳታቤዙ ገና ሳይጨርስ ሴለሪ ቀድሞ ይሮጥና ክፍያውን ፈልጎ ያጣዋል። የምታስተላልፉት ደግሞ የክፍያውን መለያ ቁጥር ብቻ ነው። ፒዲኤፉ እዚያው ወርከሩ (ሥራውን ከወረፋው የሚያነሳው ፕሮግራም) ውስጥ ይሠራ፤ ወረፋው የፋይል መጋዘን አይደለም። መላኩ ሲሳካ ዳታቤዝ ላይ ምልክት አድርጉ፤ ሥራው ሲደገም ሰውየው ሁለት ደረሰኝ እንዳይደርሰው።

ላኪው አድራሻ የራሳችሁ ዶሜይን ይሁን፤ ኤስፒኤፍና ዲኪም (ኢሜይሉ በእርግጥ ከዶሜይኑ መምጣቱን ማረጋገጫዎች) የተስተካከሉለት። የተጠቃሚውን አድራሻ «ፍሮም» ላይ ማስገባት ወደ ስፓም የሚወስድ አቋራጭ ነው። መልስ ለእሱ እንዲሄድ ከፈለጋችሁ «ሪፕላይ ቱ» አለላችሁ።

ቴስትም ጻፉ። ጃንጎ ቴስት ሲያስኬድ ኢሜይሉን አይልከውም፣ «አውትቦክስ» ውስጥ ያስቀምጠዋል። ስንት እንደተላከ ብቻ ቆጥራችሁ አትለፉ። አባሪውን አውጡና ይዘቱ በፐርሰንት ምልክትና «ፒዲኤፍ» በሚሉት ፊደላት መጀመሩን አረጋግጡ። ትክክለኛ ፒዲኤፍ እንደዚያ ነው የሚጀምረው፣ ባዶው ፋይል ደግሞ እዚያው ይያዛል።