ለስኩተር ጎማ ትክክለኛውን የአየር መጠን እንዴት መምረጥ ይቻላል?

ስኩተር የሚነዱ ብዙ ሰዎች፣ በባሕር ዳርም ይሁን በደብረ ማርቆስ፣ ጎማው ሲለሰልስባቸው ወደ ጎሚስታ ጎራ ብለው አየር እንዲሞላላቸው ይጠይቃሉ፤ ስንት እንዲሞላላቸው ግን አይናገሩም። ጎሚስታውም አብዛኛውን ቀን የሚውለው ከባጃጅ፣ ከሚኒባስና ከጭነት መኪና ጎማ ጋር ስለሆነ፣ ልኩ ካልተነገረው እጁ በለመደው መጠን የፊቱንም የኋላውንም እኩል ይሞላል። የስኩተር ቸርኬ ግን ብዙውን ጊዜ 10 ወይም 12 ኢንች ብቻ ነው፤ ጎማው የሚይዘውም አየር ጥቂት በመሆኑ፣ በጭነት መኪና ላይ ከቁጥር የማይገባ የ5 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ አሃድ) ልዩነት በስኩተር ላይ የፍሬኑን አያያዝና የመሪውን ጠባይ ይለውጣል። ስለዚህ ልኩን አውቆ መናገር ያለበት ባለ ስኩተሩ ራሱ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ አምራቹ የወሰነውን ቁጥር መፈለግ ነው። ቁጥሩ በመመሪያው መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል፤ በብዙ ስኩተሮች ላይም ከኮርቻው ሥር ወይም ከኋላ ጎማው አጠገብ በተለጠፈ ወረቀት ላይ ተጽፏል። ለፊትና ለኋላ የተለያየ ቁጥር፣ ለኋላው ደግሞ አንድ ሰው ሲጫንና ሁለት ሰው ሲጫን የሚያገለግል ሁለት ቁጥር ሊኖር ይችላል። እዚህ ላይ በጣም የተለመደ አንድ ስሕተት አለ፦ በጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር እንደ ልክ መውሰድ። ያ ቁጥር ጎማው ሊሸከመው የሚችለውን ከፍተኛውን ግፊት የሚያመለክት ጣሪያ እንጂ የሚነዳበት ልክ አይደለም። ልኩ የሚወሰነው በስኩተሩ ክብደትና አሠራር በመሆኑ፣ አንድ ዓይነት ጎማ የገጠሙ ሁለት የተለያዩ ስኩተሮች የተለያየ አየር ሊፈልጉ ይችላሉ።

ቁጥሩ በባር ወይም በኪሎፓስካል ተጽፎ የጎሚስታው መለኪያ በፒኤስአይ ብቻ ቢያነብ፣ 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ፣ 100 ኪሎፓስካል ደግሞ 1 ባር መሆኑን ማስታወስ ይበቃል፤ 2 ባር የሚል ጽሑፍ 29 ፒኤስአይ ማለት ነው። ወረቀቱ ተልጦ መመሪያውም ጠፍቶ ከሆነ፣ ለትናንሽ ስኩተሮች የፊቱን ከ22 እስከ 26፣ የኋላውን ለአንድ ሰው ከ28 እስከ 32፣ ለሁለት ሰው ከ33 እስከ 36 ፒኤስአይ አድርጎ መጀመር ይቻላል፤ ይህም ቢሆን በጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ጣሪያ ማለፍ የለበትም። የፊቱ የሚያንሰው የስኩተር ሞተር በአብዛኛው ከኋላ ጎማው አጠገብ ስለሚቀመጥና የነጂውም ክብደት ወደ ኋላ ስለሚያደላ ነው።

ቀጥሎ ጭነቱ ይታሰባል። ሰው ከኋላ የሚያፈናጥጥ ወይም ከገበያ እህል ጭኖ የሚመለስ ነጂ፣ ከመነሣቱ በፊት የኋላውን ጎማ ለሁለት ሰው ወደተሰጠው ቁጥር ማድረስ፣ ጭነቱን ሲያራግፍም ለአንድ ሰው ወደተሰጠው መመለስ አለበት። ጎማው ራሱም የጭነት ወሰን አለው፦ ለምሳሌ 90/90-10 50ጄ የሚል ጽሑፍ ያለበት ጎማ፣ 50 የሚለው ቁጥር 190 ኪሎ ግራም መሸከም እንደሚችል፣ ጄ የሚለው ፊደል ደግሞ እስከ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለሚደርስ ፍጥነት እንደተሠራ ያመለክታል። ሁለት ሰው ተቀምጦ አንድ ኩንታል ጤፍ የተጨመረበትን ስኩተር ግን ምንም ዓይነት የአየር ልክ አያድነውም።

ልኬቱ መወሰድ ያለበት ጎማው ቀዝቅዞ ሳለ፣ ማለትም ስኩተሩ ቢያንስ ለሦስት ሰዓት ያህል ቆሞና ፀሐይ ሳይመታው ነው። አምራቾች የሚጽፉት ቁጥር ሁሉ የቀዝቃዛ ጎማ ቁጥር ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር ግፊቱ ወደ 1.5 ፒኤስአይ ያህል ስለሚጨምር፣ በደብረ ማርቆስ የጠዋት ብርድ የተለካ ጎማ ከሰዓት በኋላ ከፍ ብሎ ቢገኝ የሚያስደነግጥ ነገር የለም። ከጉዞ በኋላ የጋለን ጎማ ማስተንፈስ ሲቀዘቅዝ አየሩ ከልክ በታች እንዲወርድ ያደርጋል። በእኔ እምነት ባለ ስኩተር ከሚገዛቸው ዕቃዎች ሁሉ ቀዳሚው የራሱ የአየር መለኪያ መሆን ይገባዋል፤ ምክንያቱም ጠዋት ከቤት ሳይወጣ መለካት የሚችለው መለኪያው በእጁ ካለ ብቻ ነው።

ሲለካ የቫልቩ ክዳን ይነሣል፤ መለኪያው ቀጥ ብሎ ይጫናል፤ አየር እየሾለከ ድምፅ ካሰማ ንባቡ ስለማይታመን ይደገማል።

ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ነጂ አንድ ተጨማሪ ነገር ማወቅ ይጠቅመዋል። መለኪያው የሚያሳየው በጎማው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ግፊት በስንት እንደሚበልጥ ነው። ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ ቁልቁለቱ ከ1000 ሜትር ይበልጣል፤ በዚህ ከፍታ በየ1000 ሜትሩ የውጭው ግፊት ወደ 1.5 ፒኤስአይ ያህል ስለሚጨምር፣ መለኪያው በዚያው ልክ ዝቅ ማለት ነበረበት። ይሁን እንጂ በረሃው ከደጋው በ10 ዲግሪ ያህል ቢሞቅ፣ ሙቀቱ በጎማው ውስጥ ያለውን ግፊት በተቀራራቢ መጠን ከፍ ስለሚያደርገው ሁለቱ ይጣፋሉ። ስለሆነም ደጀን ላይ ጠዋት በትክክል የሞላ ሰው ለበረሃው ብሎ መቀነስም መጨመርም አያስፈልገውም፤ በቁልቁለቱ ፍሬን የጋለው ጎማ ከፍ ያለ ንባብ ቢያሳይም እንዳለ ይተወው።

መንገዱን በተመለከተ፣ በኮብልስቶን ላይ የሚዘልና በክረምት ዝናብ የሚያንሸራትት ስኩተር ብዙ ጊዜ ከመጠን በላይ የተነፋ ነው። ለምቾት ተብሎ ከአምራቹ ቁጥር በታች ማውረድ ግን የባሰ ጉዳት ያመጣል፤ መሪው ይከብዳል፣ ጎማው በጎኑ እየታጠፈ ይግላል፣ ቸርኬው በጉድጓድ ይጎዳል፣ ነዳጅም በከንቱ ያልቃል። የውስጥ ጎማ ያለው ከሆነ ደግሞ አየር ሲያንስ የውስጡ ጎማ እየተንሸራተተ ቫልቩን ከሥሩ ሊበጥሰው ይችላል። ከጥቂት ወራት በኋላ የጎማውን ጥርስ ማየት ልኩ ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ ይረዳል፦ መሐሉ ብቻ ካለቀ አየሩ በዝቶ፣ ግራና ቀኙ ካለቀ አንሶ ቆይቷል ማለት ነው።

ልኬቱ በየሳምንቱ፣ ከረጅም ጉዞ በፊትም ሁልጊዜ ይደገም። በአንድ ሳምንት ከ2 ወይም ከ3 ፒኤስአይ በላይ የሚጎድል ከሆነ መሙላቱ ብቻ አይበቃም፤ የሳሙና ውኃ በቫልቩ፣ በጥርሶቹና ጎማው ከቸርኬው ጋር በሚገናኝበት ዙሪያ ሁሉ ቀብቶ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ መፈለግ፣ አረፋው ከቫልቩ ጫፍ ከወጣም የቫልቩን የውስጥ ክፍል አጥብቆ ወይም ለውጦ እንደገና መለካት ያስፈልጋል።