ሾክ ከመግዛታችሁ በፊት ኮብልስቶኑን ጠይቁት

ባለፈው ዓመት የቪትዜ የፊት እግር ቋ ቋ ማለት ጀመረ። ባሕር ዳር ሰፈራችን ኮብልስቶን ነው፤ ከቤት ስወጣ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። ጋራዥ ወሰድኩት። መካኒኩ የፊቱን ጥግ ሁለቴ ጫን ጫን አደረገና «እህቴ፣ ሾኩ አልቋል፤ ሁለቱም ይቀየር» አለኝ። ሾክ መኪናው ጉድጓድ ሲመታ መዝለሉን የሚያረጋው ነው። ተቀየረ። የድሮዎቹን በፌስታል አስሮ ሰጠኝ። ሰፈር ስደርስ ያው ቋ ቋ!

ጥፋተኛዋ ከስንዝር ብዙ የማትበልጥ ዘንግ ነበረች፤ ስቴቢላይዘር ሊንክ ይሏታል። ከዚያ ወዲህ ድምፅ ስሰማ «ምን ተበላሸ?» አልልም። «መቼ ነው የሚጮኸው?» ነው የምለው።

መጀመሪያ ከኋላ ያለውን ዕቃ አውጡ፤ ክሪኩንም ጭምር። አትሳቁ፣ በክሪክ ምክንያት ጋራዥ የሄደ ሰው አውቃለሁ። የጎማ ብሎኖችንም አጥብቁ።

አሁን የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ፈልጉ። መኪና የማይበዛበት ይሁን። አንዴ ቀጥ ብላችሁ ሁለቱንም የፊት ጎማ እኩል አሳልፉ። ቀጥሎ ሰያፍ ገብታችሁ አንዱን ጎማ አስቀድሙ። ስቴቢላይዘር የግራና የቀኝ ጎማውን እግር የሚያያይዝ ብረት ነው፤ ሊንኩ ጫፉን ከእግሩ ጋር ያገናኘዋል። ሁለቱ ጎማዎች አብረው ሲነሱ ብዙም ሥራ የለውም፤ አንዱ ብቻ ሲነሳ ግን ይጠመዘዛል። ስለዚህ ቀጥ ስትሉ ዝም ብሎ ሰያፍ ስትሉ የሚያንኳኳ ከሆነ መጀመሪያ ሊንኩን ጠርጥሩ። ሞተር አጥፉ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ መሪውን ወደ አንድ ጎን ጠምዝዙና ሊንኩን በእጅ ነቅንቁት። የኔው ቀቅ ቀቅ አለ። አለቀ።

ኮብልስቶን ላይ ሲያንኳኳ ፍሬን በስሱ ርገጡ። ድምፁ ከጠፋ የፍሬን ሸራው ልል ሆኖ ይሆናል።

ቆማችሁ መሪ ስታዞሩ ግው የሚል ከሆነ ደግሞ የሾኩን የላይኛ መቀመጫ እዩ። እኔ መሪውን ሳዞር ልጄ ኮፈኑን ከፍታ መቀመጫው ላይ መዳፏን አሳረፈች። «እማዬ፣ ዝልል አለ!» አለችኝ። የመቀመጫው ኩሽኔታ፣ ማለትም እንዲሽከረከር የሚያደርገው ክብ ብረት፣ ነበር። ሞተሩ ስለሚሠራ እጅ ከቬንቲላተር ይራቅ፤ ነጠላ ለብሶ መሞከር የለም።

መሪ እስከ መጨረሻው ተጠምዝዞ ሲነዳ ቀ ቀ ቀ የሚለው ብዙ ጊዜ የሴሚያስ (ጎማውን የሚያሽከረክረው ዘንግ) ጫፍ ነው። ጎማው ከውስጥ በኩል በግራሶ ተረጭቶ ከሆነ ጫፉን የሚሸፍነው ላስቲክ ተቀዷል።

ጉምጉምታ ከሆነ ኮብልስቶን አይጠቅምም። እኔ የአባይን ድልድይ ተሻግሬ ወደ ሐሙሲት በሚወስደው አስፋልት እወጣለሁ። ፍጥነት ሲጨምር አብሮ የሚጨምር ጉምጉምታ የጎማ ኩሽኔታ ሊሆን ይችላል። መንገዱ ወደ ግራ ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ያኔ ከባሰበት የቀኙን አስፈትሹ።

ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ ሐምሌ ላይ ጠፍቶ ጥቅምት ላይ ከተመለሰ የብራቾ (የጎማውን እግር ከመኪናው አካል የሚይዘው ክንድ) ላስቲክ ይመስለኛል። ላስቲኩ ላይ ውኃ አፍስሱበትና ንዱ። ለጊዜው ዝም ካለ አገኛችሁት። የተቃጠለ ዘይት ቀቢው ያለኝ ሰው ነበር፤ ዘይት ላስቲኩን ይበላዋል።

አንድ ነገር ግን ቀልድ አይደለም። ጎማው በክሪክ ሲነሳ ከላይና ከታች ይዛችሁ ስትነቀንቁት ከተላወሰ ቦል ጆይንቱ (የጎማውን እግር ከብራቾው የሚያያይዘው ኳስ መሰል መገጣጠሚያ) ወይም ኩሽኔታው ነው፤ ከግራና ከቀኝ ከሆነ የመሪው ቴስቲና (መሪውን ከጎማው የሚያገናኘው ዘንግ ጫፍ) ሊሆን ይችላል። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር አትግቡ። ቦል ጆይንት ከወጣ ጎማው እየሄደ ሊታጠፍ ይችላል። ጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ደርሼ ልመለስ አትበሉ፤ በዚያው ጋራዥ ይግባ።

ሾክስ? ጥጉን ተጭናችሁ ልቀቁት። ተነስቶ ከረጋ ደህና ነው ማለት ይቻላል። ደጋግሞ ከዘለለ፣ ወይም አካሉ በዘይት ከራሰ፣ ያኔ ይቀየር።

የኔዎቹ በፌስታሉ እንዳሉ በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ባለፈው ፈትቼ አየኋቸው። አቧራ እንጂ ዘይት የሚባል ነገር የለባቸውም።